ባለሦስት ኪሎዋ ውሻ ባሕር ስትወርድ

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር ከቤተሰቤ ጋር ባሕር ዳርቻ ድንኳን ተክለን ሦስት ሌሊት ልናድር አስበናል። በሁለተኛው ቀን በገደሉ አናት ላይ የሚያልፈውን 14 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ እንጓዛለን። ሁለት ትናንሽ ውሾች አሉን። ሚጣ 9 ዓመቷ ነው፤ ዮርክሻየር ቴሪየር ናት፤ 3 ኪሎ ትመዝናለች፤ ደስታ ሲበዛባት የዝይ ጩኸት የሚመስል ሳል ይይዛታል። ቡቺ የ2 ዓመት ፓግ ነው፤ 8 ኪሎ ይመዝናል። ሁለቱም ባሕር አይተው አያውቁም። መንገዱን ይችሉታል? ምን እንያዝላቸው? ሌሊትስ ከእኛ ጋር ድንኳን ውስጥ ይደሩ ወይስ ውጭ?

መልስ፦ ይውሰዷቸው። አሥራ አራቱን ኪሎ ሜትር ግን ሁለቱም በእግራቸው እንደማይጨርሱት ከወዲሁ አውቀው ይነሡ፤ ምክንያቱን ስደርስበት እነግርዎታለሁ። አስቀድሜ ግን ያስደሰተኝን ልናገር፦ የውሾችዎን ክብደት ጽፈዋል። ስለ ጉዞ ሊያማክሩኝ የሚመጡ ሰዎች ዘሩን፣ ዕድሜውን፣ ጠባዩን፣ የፀጉሩን ቀለም ሳይቀር ይነግሩኛል፤ ኪሎውን ሳልጠይቀው የሚነግረኝ ግን ጥቂት ነው። የትንሽ ውሻ ነገር ሁሉ የሚጀምረው ደግሞ ከሚዛን ነው። ባሕሩም ፀሐዩም ነፋሱም ለ30 ኪሎ ውሻና ለ3 ኪሎ ውሻ ያው አንድ ናቸው። ትልቁ ተሸክሞት የሚያልፈው መጠን ግን ትንሿን ይጥላታል። መጥኖ መደቆስ የሚያስፈልገው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ሰው ውሻውን ባሕር ሲወስድ የሚፈራው ሞገዱን ነው። እኔ የምፈራው የውሻውን አፍ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። በውሻ ላይ የጨው መመረዝ ምልክት የሚታየው በእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ2 እስከ 3 ግራም ጨው ሲገባበት ነው፤ ወደ 4 ግራም ሲጠጋ ሊገድል ይችላል። እስቲ እናስላው። ለሚጣ የአደጋው መነሻ 6 ግራም ጨው ነው፤ ይህም በ170 ሚሊ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ ይገኛል። አንድ ብርጭቆ እንኳን በቅጡ አይሞላም። ለቡቺ ግማሽ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ለ30 ኪሎ ውሻ ግን አንድ ሊትር ተኩል አልፎ ይሄዳል። ለዚህ ነው የጎረቤትዎ ትልቅ ውሻ ቀኑን ሙሉ ባሕር ውስጥ ሲንቦጫረቅ ውሎ ምንም ሳይሆን የሚመለሰው፤ እርሱን አይተው ሚጣን እንዳይለቋት።

«ውሻ ጨው ውሃ ቀምሶ ይተፋዋል እንጂ ብርጭቆ ሙሉ እንዴት ይጠጣል?» ይሉኝ ይሆናል። አይጠጣም፤ ይገባበታል እንጂ። አንድ ከሰዓት በኋላ 2 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ቺዋዋ በሕፃን ፎጣ ተጠቅልሎ መጣልኝ። ባለቤቱ «ሲጫወት ውሎ ደክሞት ነው፤ ትንሽም አስቀምጦታል» አለኝ። በጣቶቹ መካከል አሸዋው ገና አልደረቀም ነበር። ከንፈሩን ገልጬ ድዱን ስነካው ጣቴ ተጣበቀ፤ ለሃጭ አልነበረውም። ጠረጴዛው ላይ ሳቆመው የኋላ እግሮቹ ተጠላለፉ፤ ግድግዳውን ተደግፎ ለመቆም ሞከረና በጎኑ ወደቀ። በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም፣ ማለትም ከጨው የሚገባው ንጥረ ነገር፣ ከልክ በላይ ነበር። ምን እንደ ጠጣ ስጠይቅ የተነገረኝ ምንም እንዳልጠጣ፣ ኳስ ብቻ ሲያመጣ እንደ ዋለ ነው። ነገሩ ይኸው ነው። ኳስ በነከሰ ቁጥር አፉ ተከፍቶ ውሃ ይገባል፤ የነከሰውን ላለመልቀቅ ሲል መትፋት አይችልምና ይውጠዋል። ከውሃው ወጥቶ ፀጉሩን ሲልስ ደግሞ የደረቀውን ጨው ይጨምርበታል። ያን ዕለት ኳሱ አርባ ጊዜ ያህል ተወርውሯል። ውሻው ተርፏል፤ ግን ሁለት ቀን ሙሉ በግሉኮስ ሥር ተኝቶ፣ ሶዲየሙን ቀስ በቀስ እያወረድን ነው። በችኮላ ቢወርድ ኖሮ አንጎሉ ያብጥ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለዋናተኛ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ውሃ ውስጥ ኳስም ዱላም አይወርውሩላቸው። መጫወቻ ካስፈለገ ጠፍጣፋና ተንሳፋፊ የሆነ፣ አፋቸውን በሰፊው የማያስከፍታቸው ይሁን። በየ15 ደቂቃው ያውጧቸውና ንጹሕ ውሃ ያቅርቡላቸው፤ የጠማው ውሻ አጠገቡ ያገኘውን ይጠጣልና የእርስዎ ሳህን ከባሕሩ ይልቅ የሚቀርብ መሆን አለበት። አንድ ሁለት ጊዜ ቀጭን ተቅማጥ ቢታይ፣ ውሻው ንቁ እስከ ሆነ ድረስ፣ ጥላ ውስጥ አሳርፎ ንጹሕ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ይበቃል። ማስመለስ ከተደጋገመ፣ ከተንገዳገደ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ሲጠሩት የማያውቅ ከመሰለ ግን እቃ ለመሰብሰብ እንኳን ሳይቆዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይገስግሱ። አንድ ክፉ ልማድም እዚህ ላይ ልንቀፍ፦ ውሻ የማይሆን ነገር በላ ብሎ እንዲያስመልሰው ጨው የሚግት ሰው አለ። እባክዎ ጨው ለማስመለሻ አይስጡ፤ ለ3 ኪሎ ውሻ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ራሱ መርዝ ነው።

ከጨው ቀጥሎ አሸዋ ነው። እርጥብ ኳስ አሸዋ ላይ ተንከባሎ ወደ አፍ ይገባል፤ ሥጋ ተጠብሶ ጠብታው አሸዋው ላይ ከወደቀ ደግሞ ቡቺ አሸዋውን ራሱን ይልሰዋል። ትንሽ አንጀት በእርጥብ አሸዋ ሲሞላ እንደ ሲሚንቶ ይደፈናል። ሆዱ ነፍቶ፣ ምግብ እንቢ ብሎ፣ ካስመለሰና ሰገራ ከከለከለው ራጅ ያስፈልገዋል። ምግባቸውን ከአሸዋ ርቆ፣ ምንጣፍ ላይ ባለ ሳህን ያቅርቡ፤ ሥጋ የምትጠብሱበትንም ቦታ አጥራችሁ ያዙ።

ከዚያ ባሕሩ የተፋው ሁሉ አለ። ሙላቱ፣ ማለትም በየጊዜው ከፍ ብሎ ወደ ዳርቻው የሚወጣው የባሕር ውሃ፣ ሲሸሽ የባሕር ሣር፣ የሞተ ዓሣ፣ ዛጎልና ቆሻሻ በመስመር አስቀምጦ ይሄዳል፤ ለውሻ አፍንጫ ይህ መስመር የተዘረጋ ገበታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ዚላንድ በኦክላንድ አካባቢ ባሕር ዳርቻዎች ውሾች በድንገት እየታመሙ ሞቱ። ምርመራው የደረሰበት ቴትሮዶቶክሲን የተባለ መርዝ ነው፤ መርዙ ዛጎል በሌለው ግራጫ የባሕር ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ተገኘ። ሲያስፈራሩት እንደ ፊኛ የሚነፋው ዓሣም የሚገድለው በዚሁ መርዝ ነው። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ጡንቻን አልፎም የመተንፈሻ ጡንቻን ያሽመደምዳል። እርስዎ በሚሄዱበት ዳርቻ ይኑር አይኑር ለማጣራት አይድከሙ፤ ሚጣና ቡቺ ከዚያ መስመር ላይ ምንም እንዳያነሡ ማድረግ ይቀልላል። በሣሩ መስመር አጠገብ ሲያልፉ ማሰሪያቸውን ያሳጥሩ። «ተው» እና «ጣል» የሚሉ ትእዛዞችን በቀሩት ሳምንታት ቤት ውስጥ ያለማምዷቸው፤ በሽልማት ካስተማሯቸው በዚህ ጊዜ ውስጥ ይለምዱታል።

ጄሊፊሽ የተባለው ዝልግልግ የባሕር እንስሳ ሞቶ አሸዋ ላይ ቢሰጣም ይናደፋል። አፍንጫቸውን ወይም እግራቸውን ከነካ ገላቸው ላይ የቀረውን ክር መሳይ እጁን በወረንጦ ያንሡና በባሕር ውሃ ይጠቡት፤ በመጠጥ ውሃ ማጠብ ያልፈነዱትን የመርዝ ከረጢቶች ሊያፈነዳቸው ይችላል፤ በአሸዋ ማሸትም እንዲሁ። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ጉዳዩ የሐኪም ነው። የዓሣ መንጠቆ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ውሻው መንጠቆውን ከነምግቡ ውጦ ክሩ ከአፉ ተንጠልጥሎ ቢያገኙት አይጎትቱት፤ ክሩንም አሳጥረው አይቁረጡት። ያ ክር መንጠቆው የት እንዳለ ለሚፈልገው ሐኪም መሪ ነው። ከአንገት ማሰሪያው ጋር አሥረው እንዳለ ይዘውት ይምጡ።

የአፍን ነገር ሳልዘጋ የራስዎን ስንቅ ልጥቀስ። ለእግር ጉዞ የሚያዘው ለውዝና ዘቢብ የተቀላቀለበት ስንቅ ለሚጣ አደገኛ ነው፤ ወይንና ዘቢብ የውሻን ኩላሊት ሊያበላሹ ይችላሉ። ዛይሊቶል በተባለው ማጣፈጫ የተሠራ ማስቲካም አለ። በኪሎ 0.1 ግራም ብቻ የደም ስኳርን በአንድ ጊዜ ይጥላል፤ ለሚጣ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ማስቲካ ሊበቃት ይችላል። ልጆቹ ቦርሳቸውን ክፍት ጥለው እንዳይሄዱ ያስጠንቅቋቸው። የራስዎን የሕመም ማስታገሻም አይስጧቸው፤ አይቡፕሮፌንም ፓራሲታሞልም ለውሻ ጨጓራ፣ ጉበትና ኩላሊት አይሆኑም።

አሁን ወደ ቡቺ። ሚጣን ባሕሩ ያሰጋታል፤ ቡቺን ግን ፀሐዩ ነው። ውሻ እንደ እኛ አያልብም፤ ከመዳፉ ከሚወጣው ጥቂት ላብ በስተቀር ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። አየር በረጅም አፍንጫና በእርጥብ ምላስ ላይ ሲመላለስ ውሃው እየተነነ ሙቀት ይዞ ይወጣል። ፓግ ያ ረጅም አፍንጫ የለውም። በጠባብ ቀዳዳ፣ በረዘመ የላንቃ ሥጋ በኩል አየር ሲስብ የማቀዝቀዣው ሥራ ራሱ ሙቀት ያመነጭበታል። ይህን ኩርፊያ መሳይ ድምፅ እንደ ቁንጅና ለምደነዋል፤ እኔ ግን በሞቃት ቀን ስሰማው ደስ አይለኝም። በዚያ ላይ ሁለቱም አጭር ናቸው። አየሩ 30 ዲግሪ ሲሆን ፀሐይ የዋለበት ደረቅ አሸዋ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ የእርስዎ ፊት ከዚያ ሙቀት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ርቆ ይሄዳል፤ የእነርሱ ሆድ ግን በአንድ ስንዝር ከፍታ ላይ ነው። የእጅዎን ጀርባ አሸዋው ላይ ለ7 ሰኮንድ ያሳርፉ፤ ካላስቻለዎት እነርሱም አይረግጡትም።

መደበኛ የውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ከ41 በላይ ሲወጣ የውስጥ አካላት መጎዳት ይጀምራሉ። ግን ቴርሞሜትር ከመውጣቱ በፊት ምላሱ ይነግርዎታል። ጫፉ እንደ ማንኪያ ሰፍቶ ወደ ላይ ሲቆለመም፣ ከንፈሩ ወደ ኋላ ሲሳብ፣ ድዱ ደም ሲመስል፣ ጥላ ሲያይ ሄዶ ሲጋደምና ሲጠሩት ሲያመነታ፣ ጉዞው እዚያ ላይ አበቃ። «ትንሽ ቀርቶናል» አይበሉ። ማለክለኩ ወደ ሲርሲርታ ከተለወጠ፣ ካስመለሰ ወይም እግሩ ከከዳው የሚቀድመው ማቀዝቀዝ ነው፤ መጓዝ ከዚያ በኋላ። ያገኙትን ከእርሱ ገላ የሚቀዘቅዝ ውሃ በመላ አካሉ ላይ ያፍስሱ፤ ለማፍሰስ የባሕሩም ይሆናል፤ ከዚያ ያራግቡለት። እርጥብ ፎጣ ደርቦ መተው ግን ስሕተት ነው፤ ፎጣው ወዲያው ይሞቅና ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ሙቀቱ 39.5 ሲደርስ ማፍሰሱን ያቁሙ፤ አለበለዚያ ወደ ሌላኛው ጽንፍ ይወርዳል። ከዚያም ዳነ ብለው አይዘናጉ። የኩላሊትና የደም መርጋት ጣጣ በማግስቱ ሊመጣ ይችላልና በሐኪም ይታይ።

ቡቺ ይዋኝ እንደ ሆነም መናገር አለብኝ። ፓግ ደረቱ ከባድ፣ ጭራው ወገን ቀላል፣ አፍንጫው አጭር ነው። አየር ለማግኘት ጭንቅላቱን ወደ ላይ ሲያቀና የኋላ ገላው ይሰምጣል። ተንሳፋፊ ጃኬት ሳይለብስ እግሩ መሬት የማይነካበት ውሃ ውስጥ እንዳይገባ። ጃኬቱ በጀርባው ላይ ጠንካራ መያዣ፣ ከአገጩ ሥር ደግሞ ትራስ ያለው ይሁን። ገዝተው ሲያመጡት ቤት ውስጥ አልብሰው በመያዣው አንሥተው ይመልከቱ፤ ከተንሸራተተ ሞገድ መሐልም ይንሸራተታል። ዓይኑም ወደ ውጭ የወጣ ስለሆነ ነፋስ ያስነሣው አሸዋ በቀላሉ ያቆስለዋል። አንዱን ዓይን ጨፍኖ ሲያጣምም ካዩት በንጹሕ የዓይን ማጠቢያ ፈሳሽ ይጠቡለት፤ በሰዓታት ውስጥ ካልተከፈተ እስከ ነገ አይጠብቁ። ማታ ማታ የፊቱን እጥፋት በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ማድረቅ እንዳይረሱ፤ ጨውና አሸዋ እዚያ ሲያድሩ ቆዳው ይላጣል።

ወደ መንገዱ እንምጣ። እርስዎ አንድ ጊዜ ሲራመዱ ሚጣ አምስት ስድስት ጊዜ እግሯን ታነሣለች። 14 ኪሎ ሜትር ለእርስዎ የአንድ ቀን ጉዞ ነው፤ ለ9 ዓመቷ ሚጣ ግን ፈጽሞ የሚታሰብ አይደለም። ክፋቱ እርሷ ይህን አትነግርዎትም። ውሻ ጌታውን መከተል እስከ ቻለ ድረስ ይከተላል፤ የሚቆመው ሲያልቅበት ነው። ስለዚህ ለራሴ ደንበኞች የምሰጠው መመሪያ አንድ ነው፦ ሁሉንም ውሾች ተሸክማችሁ ልትመለሱ ከምትችሉበት ርቀት አትለፉ። የእርስዎ ሁለቱ ሲደመሩ 11 ኪሎ ናቸው፤ ውሃው ሲጨመር 13። ይህን አዝለው ዳገትና ቁልቁለት ስንት ኪሎ ሜትር ይችላሉ? ከመሄድዎ በፊት ቦርሳ ውስጥ ድንጋይ ሞልተው ይሞክሩት፤ መልሱን ከእኔ ይልቅ ትከሻዎ ይነግርዎታል።

እኔ ብሆን ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ሄጄ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ በመጣሁበት እመለሳለሁ። ከዚህ ውስጥ ቡቺ በእግሩ ይሄዳል፣ በየ15 ደቂቃው እያረፈ። ሚጣ ሜዳ ሜዳውን ትራመድና ዳገቱን፣ ድንጋያማውንና ቁልቁለቱን በመሸከሚያ ቦርሳ ታልፋለች። የቀረው ቤተሰብ 14ቱን ኪሎ ሜትር ይጨርስ፤ አንድ ሰው ውሾቹን ይዞ ይመለስ። ተመልሶም ከእነርሱ ጋር ይቆይ እንጂ ድንኳን ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ ዘግቶባቸው አይሂድ። ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት 20 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ አብዛኛው የሚጨምረውም በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። ፀሐይ ያገኘው ድንኳንም ከምድጃ አይሻልም።

የሚጣን ሳል እንዳላለፍኩት እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። የዝይ ድምፅ የሚመስል ሳል በእንዲህ ያለ ዘር ላይ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአየር ቧንቧ መላላት ነው። ቧንቧውን ክፍት አድርገው የሚይዙት ቀለበት መሰል ልም አጥንቶች ሲዳከሙ ቧንቧው ይጠፈጠፍና አየር ሲያልፍ ያ ድምፅ ይወጣል። ደስታ፣ ሙቀት፣ ጭስ እና አንገት ላይ የሚጎትት ማሰሪያ ያባብሱታል፤ የእርስዎ ጉዞ አራቱንም ይዟል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ሐኪም ያዳምጣት፤ የልብ ሕመምም ሳል ያመጣልና በዚህ ዕድሜ መለየት አለበት። የአንገት ማሰሪያዋ ስልክ ቁጥርዎን ለመያዝ ብቻ ይሁን፤ የሚመራት ገመድ ግን ደረቷን አቅፎ ከሚይዝ ማሰሪያ ጋር ይያያዝ። ማታ እሳት ስታነዱ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ያስቀምጧት። ሐኪሙ ቧንቧዋ በጣም ደክሟል ካለ ደግሞ ሚጣ ቤት ትቅር፤ ብትቀር የሚያዝነው ከእርሷ ይልቅ ልጆቹ ናቸው።

መሸከሚያውን ሲመርጡ አየር የሚያስገባ መረብ ያለው ይሁን። በደረት በኩል ሲሸከሟት ፊቷን ያያሉ፤ ይህ ጥሩ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን በደረትዎ ያለችው ውሻ የራስዎን እግር ትጋርድብዎታለችና ወደ ጀርባ ያዙሯት። በገደሉ አናት ላይ ሁለቱም ከሁለት ሜትር በማይበልጥ ቋሚ ገመድ ይታሰሩ። እየተተረተረ የሚረዝመውን ገመድ እዚያ አይጠቀሙ። ወፍ ከሣር ውስጥ ተነሥቶ ሲበር ቡቺ የሚያየው ወፉን እንጂ ገደሉን አይደለም። ትልልቅ አዳኝ ወፎች ባሉበት ሰማይ ሥር 3 ኪሎ የምትመዝን ውሻ ራሷ ታዳኝ መሆኗንም አይርሱ። በአሸዋው ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች በመራቢያ ወራት ስለሚጠበቁ ብዙ ዳርቻዎች በተወሰኑ ወራት ውሻ አያስገቡም፤ ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ የሚያስተዳድረውን ክፍል አስቀድመው ይጠይቁ።

ውሃውን በኪሎ ይያዙ። አንድ ውሻ ሳይደክም በቀን በኪሎ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልገዋል። የሁለቱ 660 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በሙቀትና በጉዞ ቀን እጥፉን ያስቡ፤ ለመጠጥ ብቻ በቀን 1.3 ሊትር ማለት ነው። ጨው ማጠቢያ ከዚህ ውጭ በቀን ሁለት ሊትር ይጨምሩ፤ እግራቸውን፣ ሆዳቸውንና በጣቶቻቸው መካከል ያለውን ሳያጥቡ ማታ አያስተኟቸው። በዳርቻው ጀርባ የተኛ አረንጓዴ ኩሬ ካለ አያስጠጓቸው፤ ውሃው ላይ ቀለም የመሰለ ሽፋን ሲታይ መርዛማ ሊሆን ይችላል። ምግባቸውን አይቀይሩ። ለሚጣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ከፋፍለው ይስጧት፤ ትንሽ ገላ ስንቅ አያከማችም። ደክማ ከተንቀጠቀጠችና ከፈዘዘች ድዷ ላይ ጥቂት ማር ይቀቡላትና ወደ ሐኪም ይዘዋት ይሂዱ።

ክትባቱን በአጭሩ፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጊዜው ያላለፈ ይሁን። በእንስሳት ሽንት በተበከለ ውሃ የሚተላለፈውን የሌፕቶስፓይሮሲስ በሽታ ክትባት ያልተከተቡ ከሆነ በዚህ ሳምንት ይጀምሩ፤ የመጀመሪያው ክትባት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ አለበለዚያ ለጉዞው አይደርስም። ትንኝ የሚያስተላልፈው የልብ ትል ባለበት አካባቢ መከላከያውን ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ። ለመዥገርና ለቁንጫ ጀርባ ላይ የሚንጠባጠበውን ሳይሆን የሚዋጠውን እመርጣለሁ፤ የሚንጠባጠበው በባሕር ውሃ ይዳከማል። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ግን ለሐኪሙ ሳይነግሩ አይስጡ። ማታ ማታ ጆሯቸውን፣ ብብታቸውን፣ በጣቶቻቸው መካከልና ከማሰሪያው ሥር በጣትዎ እየዳሰሱ ይፈትሹ። መዥገር ካገኙ ቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አስጠግተው ቀጥ አድርገው በዝግታ ይሳቡት። ጋዝ መቀባት፣ በእሳት መተኮስ የሚባለውን ይተዉት፤ መዥገሩ ሲጨነቅ የያዘውን በሽታ ወደ ቁስሉ ይተፋል።

ድንኳኑን ከመትከልዎ በፊት የባሕር ሣሩን መስመር ይፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ሁለት መስመር ያገኛሉ፤ አንዱ ከውሃው አጠገብ ገና እርጥብ ነው፤ ሁለተኛው ከላይ ደርቆ ነፋስ የሚያንኮሻኩሸው ነው። ከደረቀውም በላይ ይትከሉ። በአብዛኛው ዓለም ሙላት በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ገደማ ተመልሶ ይመጣል፤ ስለዚህ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይመጣል፤ ትናንት በዚህ ሰዓት ደረቅ ነበር ማለት አይጠቅምም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ሙላቱ ከወትሮው ከፍ ይላል። ከገደሉ ሥር ባለው አሸዋ ስትሄዱም መመለሻው በውሃ ሊዘጋ ይችላልና የሙላቱን ሰዓት ሳያውቁ አይግቡ። 11 ኪሎ ውሻ አቅፎ ገደል መውጣት አይቻልም።

በመጨረሻ የጠየቁኝ የት ይደሩ የሚለውን ነው። ከእናንተ ጋር፣ ውስጥ። ቀን ሙቀት ሲያስፈራራን ዋለ፤ ሌሊት ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው። ትንሽ ገላ ከክብደቱ አንጻር ብዙ ቆዳ ስላለው ሙቀቱ ቶሎ ያመልጣል፤ ሚጣ ደግሞ ከላይኛው ፀጉሯ ሥር ሌላ የሚያሞቃት ፀጉር የላትም። እርጥብ ሆና የባሕር ነፋስ ካገኛት ባልቀዘቀዘ ምሽት እንኳን ትንቀጠቀጣለች። መንቀጥቀጧ ድንገት ቆሞ ዝም ብላ ከተኛች ተሻላት ማለት አይደለም፤ ይልቁንም ባሰባት ማለት ሊሆን ይችላል። ሙቀቷ ከ37 ከወረደ ደረትዎ ላይ አቅፈው በደረቅ ብርድ ልብስ ይጠቅልሏት። በፎጣ ካደረቋት በኋላ ደረቅ ሹራብ ያልብሷት፤ ከመሬቱ ጋር እንዳትገናኝ ከሥሯ የአረፋ ፍራሽ ቁራጭ ያንጥፉ። ድንኳን ውስጥ ግን ለማሞቅ ብለው የጋዝ ምድጃ ወይም ከሰል አያስገቡ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ትንሿን ቀድሞ፣ ሰውንም አስከትሎ ይወስዳል። ከመተኛታችሁ በፊት በገመድ ይዘው፣ ማሰሪያቸው ላይ ትንሽ መብራት አብርተው፣ ሽንታቸውን ያሸኗቸው።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሌሊት ቤት ውስጥ ድንኳኑን ዘርግታችሁ አብራችሁ ብትተኙበት ጥሩ ነው፤ የዚፑን ድምፅና የሸራውን መርገብገብ ይለምዳሉ። ቡቺ ያንኮራፋል፤ ለጆሮዎ ጥጥ ይያዙ። ወደ እንቅልፍ ከረጢትዎ ውስጥ ግን አያስገቡት፤ እዚያ ውስጥ ለአጭር አፍንጫ የሚበቃ አየር የለም። ሌሊት ማንኮራፋቱ ተቆራርጦ ትንፋሽ እንደ ማጠር ካደረገው አገጩን ታጥፎ በተጠቀለለ ፎጣ ላይ አሳርፈው በሆዱ ያስተኙት፤ የድንኳኑንም መስኮት በነፋሱ ተቃራኒ ወገን በአንድ ስንዝር ይክፈቱለት።